ምንም የለባትም

ጦይባን የማያውቅ ሐበሻ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ከተገኘ፣ ያ ሰው ወይ ትናንት ከሞያሌ የገባ ነው፣ ወይ ከሰው የሚደበቅበት የራሱ ጉዳይ አለው። ሱቋ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጫማ የሚያስወልቅ ጭቃ ባለበት መንገድ ዳር ነው። ሻሽ፣ ሽርጥና የመጋረጃ ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ አብዱልፈታ ዕቃ ሊያመጣ ሞያሌ ሲሄድ ወር ስለሚቆይ፣ ሱቁን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷው ናት። ስሟ የወጣው ግን በጨርቁ ሳይሆን በምላሷ ነው።

ደርግ ደሴ የነበረውን ሱቃቸውን አሽጎባቸው በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ናይሮቢ ሲገቡ፣ ጦይባ አንዲት የስዋሂሊ ቃል አታውቅም ነበር። ከቲማቲም ሻጮች ጋር እየተከራከረች፣ ማታቱ ከሚባሉት ታክሲዎች ረዳቶች ጋር እየተሰዳደበች በዓመቱ ቋንቋውን እንደ አገሩ ሰው ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ክሊኒክ የሚሄድ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስገባ፣ ለስደተኛ ወረቀት ወረፋ የሚይዝ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ሱቅ ይመጣል። ማንም አልሾማትም፣ ማንም አይከፍላትም። «ቆይ ሻሼን ልሰር» ትልና ትወጣለች።

አስተርጓሚነቷ ታዲያ የራሱ ዘዴ ነበረው። ጦይባ የምትናገረው ሰውየው ያለውን ሳይሆን፣ ልብ ቢኖረው ሊለው ይገባ የነበረውን ነው። አንድ ጊዜ ጋሽ ባንታየሁ የሚባሉ ጡረተኛ ሹፌር ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን ቆመው ደማቸው ፈላና የጸሐፊውን ዘር ማንዘር ጠርተው ሰደቡ። ጸሐፊው «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ጦይባ ዓይኗን በጨው ታጥባ «ስለ ድካማችሁ ፈጣሪ ይስጣችሁ ነው የሚሉት» አለችው። ወረቀቱ በዚያው ቀን ተፈረመ። ጋሽ ባንታየሁ እስከ ዛሬ ያን ጸሐፊ በስድብ ያስደነገጡት ይመስላቸዋል።

ከዘዴዎቿ ሁሉ የማትደራደርበት አንድ ነበር፤ ወረቀት በሚይዝ ሰው ፊት በሽታ አይነሳም። ይህን ያመጣችው ከሜዳ ተነስታ አልነበረም። ከአገር ስትወጣ በተሳፈረችበት የጭነት መኪና ላይ፣ የሚያስል ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት አብራት ነበረች። አንድ ኬላ ላይ ፈታሾቹ ሳሉን ሰሙና ሴትዮዋን አወረዷት። መኪናው ትቷት ሄደ። ጦይባ ከኋላ ሆና፣ ሴትዮዋ ከነጓዟ መንገድ ዳር ቆማ አቧራው እስኪሸፍናት ድረስ አየቻት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች የሰማ የለም። ጦይባ ግን ለመጣ ለሄደው ሁሉ አንድ ምክር ያዘች፤ «ታመሃል ወይ ሲሉህ፣ ምንም የለብኝም። ልጅህስ ሲሉህ፣ ምንም የለበትም። ቤትህ ገብተህ እንደፈለግህ ሳል!»

ለራሷም ቢሆን ከዚህ ሕግ አልወጣችም። ሦስት ዓመት ሙሉ የማይቆረጥ ጥማት ይዟት ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ናይሮቢ በጉም ተሸፍና ኢስሊ በሙሉ በሹራብ ላይ ሹራብ ሲደርብ፣ ጦይባ ውሃ በብርጭቆ ላይ ብርጭቆ ትገለብጥና «ሙቀቱን አልቻልኩትም» ትላለች። ድሮ ደልደል ያለች ሴት ነበረች፤ ቀሚሶቿ ሰፍተዋት ሁለት ጊዜ አስጠበበቻቸው። ሰው «ከሳሽ እኮ» ሲላት «ሥራ ነው» ትላለች። እናቷ በስኳር እንደሞቱ ታውቃለች፤ ይህንንም ለአብዱልፈታ እንኳ ነግራው አታውቅም።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ ፋናዬ የምትባል ሴት ሁለት ልጆች ይዛ መጣች። አዲስ አበባ ጸሎት ቤታቸው በቀበሌ ታሽጎ፣ ባሏ ካሣሁን ታስሮ ከተፈታ በኋላ አገር ጥሎ የወጣ፣ አሁን ካናዳ ገብቶ ቤተሰቡን ለማስመጣት ወረቀት የጀመረ ሰው ነው። ጦይባ ከሱቋ ጀርባ፣ ከራሷ መኝታ ቀጥላ ያለችውን ክፍል አከራየቻት። ግድግዳው ስስ ስለነበር ፋናዬ የጦይባን የንጋት ሶላት ትሰማለች፣ ጦይባ የፋናዬን መዝሙር ትሰማለች። በሳምንቱ ጦይባ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ያንኑ መዝሙር ስታንጎራጉር ራሷን ያዘችና «አስተግፊሩላህ፣ ይቺ ልጅ ልታከፍረኝ ነው!» ብላ ሳቀች።

ታላቁ ልጅ ታዲዮስ ሰባት ዓመቱ ነው። ታናሿ ደስታ ገና ሦስት ዓመቷ፤ አንገቷ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ጦይባን «እማማ ጨርቅ» የምትል ልጅ ናት። ፋናዬ ዕቃዋን ስትፈታ አንድ የታጠፈ የሐኪም ቤት ካርድ አወጣችና ለጦይባ ሰጠቻት።

«የደስታ ነው እትዬ። በሰባት ወሯ ነው የወለድኳት። ብርድ ሲመጣ ደረቷ ያፏጫል። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተኝታለች፤ አስም ነው አሉኝ። እዚህ ለማን ላሳይ?»

ጦይባ ካርዱን እንደ ፍም ተቀበለችው። «ለማንም! ሜዲካል የሚሉትን የጤና ምርመራ እስክታልፉ ይቺ ልጅ ምንም የለባትም። ሰማሽ? አስም የሚል ወረቀት ካዩ ካናዳን በሕልምሽ ነው የምታይው። በሆድሽ ያዥው።» ካርዱንም ወስዳ ማንም በማይገዛው አረንጓዴ የመጋረጃ ጥቅል ውስጥ ከተተችው። ፋናዬ አመሰገነቻት። እንዲህ ያለ ለወገን የሚቆረቆር ሰው ስላገኘች ጌታን ባረከች።

የካናዳው ሜዲካል ለሐምሌ መጨረሻ ተቀጠረ። ሐምሌ ሲገባ ግን ኢስሊን ጉንፋን መታት። መጀመሪያ ታዲዮስ ከትምህርት ቤት ይዞት መጣ፤ ሁለት ቀን ተኛ፣ ሦስተኛው ቀን የጨርቅ ኳሱን ይዞ ወጣ። በማግሥቱ ደስታን አተኮሳት። ፋናዬ እንደ ወንድሟ ያልፍላታል ብላ ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ጧት ጦይባ ሱቋን ልትከፍት ስትወጣ ፋናዬ ልጅቷን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ደስታ አታለቅስም። ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ የጎድን አጥንቶቿ መሐል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሯ መልኩን ለውጧል። «እማማ ጨርቅ» እንኳ አላለችም።

ጦይባ በበዓል እንኳ የማትዘጋውን ሱቅ ሳትከፍት ተወችው፤ ታዲዮስን ለጎረቤት አደራ ሰጠች። ማታቱው ሞልቶ ነበር፤ ረዳቱን ከበሩ ገፍትራ ፋናዬን አስገባች፣ እሷ ሰው ጉልበት ላይ ተቀመጠች። ሆስፒታሉ የልጆች ክፍል ሲደርሱ አልጋ ሁሉ በሚያስሉ ሕፃናት ተሞልቷል፤ ደስታን ግን ገና ከሩቅ እንዳዩዋት ወረፋ ሳይሉ ወደ ውስጥ ወሰዷት። ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት፣ መርፌ ወጓት። ዶክተር አቺየንግ የምትባል ቀጭን ወጣት ሐኪም ደረቷን በማዳመጫ ስትሰማ ቆየችና ወደ ጦይባ ዞረች።

«ማማ፣ ልጅቷ ከዚህ በፊት ታማ ታውቃለች? ደረቷን ያማት ነበር? የተወለደችው ወሯን ጨርሳ ነው?»

የጦይባ አፍ ከልቧ ቀድሞ መለሰ። «ሀኩና» አለች፤ ምንም የለም ማለቷ ነው። «ጤነኛ ልጅ ናት። ወሯን ጨርሳ ነው የተወለደችው።»

ሐኪሟ እሺ ብላ ጻፈችና ወደ ሌላ አልጋ ሄደች። ፋናዬ ጠጋ አለች። «ምን አለች?»

«ድሮ ታማ ታውቃለች ወይ አለች።»

«እና ምን አሏት?»

«ምንም የለባትም አልኳት።»

ፋናዬ ቀስ ብላ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን ለአራት ወር ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ ለበጎ ተብላ የተመከረችውን ምክር እንዴት ትጣለው? ሁለቱ ሴቶች አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጦይባ ከቧንቧ አምጥታ ሁለት ኩባያ ውሃ ጠጣች።

አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ሐኪሟ ተመልሳ መጣች። ፊቷ ተለውጧል። የደስታን ደረት እንደገና አዳመጠች፣ ጀርባዋን አዳመጠች፣ ነርሷን አንድ ነገር አዘዘች።

«ወንድሟም ይኸው ጉንፋን ይዞት ነበር ብላችሁኛል?»

«አዎ። በሦስተኛው ቀን ኳስ ጀመረ።»

«ታዲያ እሷ ምን ሆና ነው?» አለች፣ ግማሹን ለራሷ። «ጤነኛም ልጅ እንዲህ ይወድቃል፣ አላየሁም አልልም። ግን በዚህ ፍጥነት... ማማ፣ ደግመው ይጠይቋት። አንድም የተረሳ ነገር ካለ።»

ጦይባ የሚጠየቅ ነገር እንደሌለ ታውቃለች። መልሱ አረንጓዴ መጋረጃ ውስጥ ተጠቅልሎ ኢስሊ ተቀምጧል። ፋናዬ የተባለው ሳይነገራት ገብቷት ኖሮ ክንዷን ያዘችና «እትዬ፣ ካናዳው...» ብላ ጀመረች። ጦይባ ደስታን አየቻት። ያቺን መንገድ ዳር ቆማ የቀረችውን ሴት አሰበች። አሥር ዓመት ሙሉ ትዝ የሚላት ሴትዮዋ፣ ጓዙ፣ ጥሎ የሄደው መኪና ነበር። ጀርባዋ ላይ የነበረውን ሕፃን ሳሉ ምን እንዳደረገው ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም ነበር። አፈረች። እንዲህ ያለ ሐፍረት በሕይወቷ አልተሰማትም።

«ዳክታሪ፣ ዋሽቼሻለሁ» አለች በስዋሂሊ። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለነበር የጎረቤት አልጋ እናቶች ዞሩ። «በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው። ብርድ ሲመጣ ደረቷ ያፏጫል። አገሯ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ አስም ነው ተብላለች። እናቷ ልትናገር ነበር፣ አፏን የያዝኳት እኔ ነኝ።»

ዶክተር አቺየንግ ለአፍታ ዓይኗን አፈጠጠችባት። «ማማ!» አለች። ወዲያው ነርሷን በስሟ ተጣራች። ሌላ መድኃኒት መጣ፤ አንዱ በደም ሥር፣ አንዱ በእንፋሎት አፍና አፍንጫዋ ላይ በተደረገ ጭንብል። ሁለቱን ሴቶች ከመጋረጃው ውጪ አስቆሟቸው። ፋናዬ ከንፈሯ ሳይላወስ ትጸልያለች። ጦይባ በጣቶቿ ትቆጥራለች። ሁለቱም የሚለምኑት አንድ ነገር ነበር።

ምን ያህል እንደቆሙ አያውቁም። ከመጋረጃው ኋላ መጀመሪያ የተሰማው ፉጨት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፋናዬ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የምታውቀው ፉጨት። «ባሰባት!» ብላ ጮኸች። ነርሷ ግን መጋረጃውን ገልጣ ፈገግ አለች። «ፖሌ፣ ፖሌ» አለች፣ አይዟችሁ ለማለት፤ «አታልቅሱ። ይህ ደግ ድምፅ ነው። ቅድም ለማፏጨት የሚበቃ አየር እንኳ አልነበረም።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጦይባ የነርሷን ቃል ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ ለፋናዬ ነገረቻት። ፋናዬ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጦይባም አለቀሰች፤ ሰው ፊት አላለቅስም የምትለው ጦይባ፣ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠራረገች፣ ደስታ ወዟ ሲመለስ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች አለቀሰች።

በማግሥቱ ጧት ጦይባ ካርዱን ይዛ መጣች። ዶክተር አቺየንግ ገልጣ አነበበችውና ግንባሯን ቋጠረች። «ሰባ ሰባት ነው የተወለደችው የሚለው። እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው ማለት ነው? ደግሞ ምን ልትነግሩኝ ነው?» ጦይባ እየማለች እየተገዘተች የሐበሻን ዘመን አቆጣጠር አስረዳች። «ይህኛው ውሸት አይደለም፣ ወላሂ! እኛ አገር ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን።» ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ደስታ በየቀኑ ሻል እያላት ሄደች። በአራተኛው ቀን ገንፎ በላች። በአምስተኛው የሌላ ልጅ ፊኛ ቀምታ ጸብ አነሳች። በስድስተኛው ቀን ሊሸኟቸው ሲሉ፣ ፋናዬ ስንት ቀን ይዛው የከረመችውን ጥያቄ አወጣችው።

«እትዬ፣ ጠይቁልኝ። ጉንፋኑ አንድ ነው፤ ያው ከወንድሟ የያዛት። እሱ ኳስ ሲጫወት እሷ ለምን እንዲህ ሆነች? እኔ ያጠፋሁት ነገር አለ?»

ሐኪሟ አግዳሚው ላይ አብራቸው ተቀመጠች። ጦይባ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አስተረጎመች። ይህ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ከባድ ጉንፋን አብዛኞቹን ልጆች በሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል። የሚከብደው ትንንሾቹ ላይ፣ ወራቸው ሳይሞላ የተወለዱት ላይ፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ላይ፣ በምግብ እጦት አቅም ያነሳቸው ላይ ነው። የደስታ የአየር ቧንቧ ድሮም ጠባብና ቶሎ የሚቆጣ ነው፤ ጉንፋኑ ሲያሳብጠው ተዘጋ። ጉንፋኑ ባዳከመው ሳንባ ላይ ደግሞ ሌላ ተሕዋስ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል፤ መርፌው ለእሱ ነበር።

እዚህ ላይ ጦይባ አንዲት ነገር ከራሷ ጨመረች። «እንደኛ ሰፈር ነው። ዝናቡ ለሁሉም እኩል ይዘንባል። በሰፊው መንገድ ውሃው ያልፋል፣ የኛዋ ቀጭን መተላለፊያ ግን ትደፈናለች።» ይህን ለሐኪሟም መልሳ በስዋሂሊ ነገረቻት፤ ሳይነገራት እንዳይቀር ብላ። ዶክተር አቺየንግ ልክ ነው አለች። «ግን ሁሉንም እናውቃለን ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንዱ ምንም ሳይኖርበት ይጠናበታል፤ ምክንያቱን ገና አናውቅም። ስለዚህ ነው የምናውቀውን አትደብቁን የምለው። እናትየዋን አላጠፋሽም በሏት።»

ጦይባ «አላጠፋሽም» ብላ አስተረጎመች። ከዚያ ደግሞ ከራሷ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አፉ በይኝ» አለች። ፋናዬ ጉልበቷን ዳበስ አደረገቻት። «እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ እኮ እትዬ። አፉ ይበለን ነው የሚባለው።»

ጦይባ ቀረችኝ ያለችውን ጥያቄ ራሷ ጠየቀች። «ዳክታሪ፣ አስም እንዳለባት ከታወቀ የካናዳው ወረቀት አይበላሽም?»

«ካናዳ አስም የለም ያላችሁ ማን ነው?» አለች ሐኪሟ። «ሕመሟንና የሚያስፈልጋትን መድኃኒት ጽፌ እሰጣችኋለሁ። ቢያዘገያት ቢያዘገያት ጥቂት ሳምንት ነው። ደግሞስ ይቺ ልጅ ባትተርፍ ኖሮ ወረቀቱ ለማን ነበር?» ደብዳቤውን ጻፈች። በኋላ እንደታየው ሜዲካሉ የዘገየው አንድ ወር ብቻ ነው፤ ፋናዬም የልጇን ሕመም ለሐኪሞቹ በገዛ አፏ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገረች፣ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ያን ዕለት ግን ገና አግዳሚው ላይ ናቸው። ጦይባ ብዙ ተናግራ ጉሮሮዋ ደርቋል። ከደስታ አልጋ ራስጌ ያለውን የውሃ ጆግ አነሳችና ኩባያ ሳትፈልግ አፏ ላይ ደቅና ጠጣች። እስከ ግማሹ ጠጣች። አልበቃትም፤ ጨረሰችው። ቀና ስትል ዶክተር አቺየንግ ካርድ መጻፏን አቁማ ታያታለች።

«ማማ፣ በዚህ ብርድ! ይህ ጥማት ከጀመርዎት ስንት ጊዜው ነው? ሰውነትዎስ እንዲህ ነበር? ከቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?»

ፋናዬ ስዋሂሊውን ሁሉ ባትይዘውም ጥያቄው ከሐኪሟ ዓይን ገብቷታል። ደስታን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዛወረችና በአማርኛ፣ ፈገግታዋን እየደበቀች፣ «እትዬ ጦይባ፣ በሏት እንጂ! ምንም የለብኝም በሏት!» አለች።

ጦይባ ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ፋናዬን አየች፣ ባዶውን ጆግ አየች። ሳቅ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ደስታ በሰው ሳቅ ሳቀችና እጇን ዘርግታ «እማማ ጨርቅ!» አለቻት። ጦይባ ያችን ትንሽ እጅ ያዘች፣ ጆጉን ቦታው መለሰች፣ ሻሿን አስተካክላ ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ልጄ» አለች። «እናቴም በእሱ ነው የሞተችው።»